አግዳሚው ላይ አራተኛዋ

እናቴን የማገኛት ሐሙስ ሐሙስ ነው። አግዳሚው ላይ ከግራ ሲቆጠር አራተኛዋ እሷ ናት፤ አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሆዷ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔም ሥዕሉ ውስጥ አለሁ እያልኩ እከራከራለሁ፤ እስካሁን የተቀበለኝ የለም።

ሥዕሉ የተሰቀለው በድሮው ለገሃር አዳራሽ ሲሆን አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል። በድሩ የሚባል ሰዓሊ እኔ ልወለድ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የጨረሰው የድሬዳዋ መልክ ነው። መሃል ለመሃል ደቻቱ ያልፋል። እኛ ወንዝ ስንል አሸዋውን ማለታችን ነው፤ ውሃው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ቶሎም የሚሄድ እንግዳ ነው። አሸዋው ላይ ግመሎች ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ሴቶች ክር በምታህል ውሃ ልብስ ያጥባሉ፤ አንዲት አህያ ጭነቷን ጥላ ከባለቤቷ ጋር ተፋጥጣለች። ድልድዩ ላይ ሰማያዊ ባጃጆች አሉ፤ ያኔ ገና ሰው ነበር የሚነዳቸው። ወዲያ ማዶ የከዚራ ዛፎች፣ ወዲህ ማዶ የመጋላ ጣሪያዎች፣ ሚናራው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ መውረድ የጠፋት ፍየል። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የተሰጣ ልብስ ላይ የተጣፈውን ቁራጭ ጨርቅ ሳይቀር ያያል።

የእኛ ሰፈር አግዳሚ ከወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ነው። ሰባት ፊት ይታያል። ግራ ጫፍ ላይ ያለችው ፋጡማ ሳንቡሳ ሻጯ ናት፤ ግማሽ መቀመጫዋ አየር ላይ ነው። ከጎኗ ካለው ሰው ጋር ተኳርፋ ነው እያልን ስንስቅ አድገናል። ቀኝ ጫፍ ላይ የመብራት ፖል ቆሟል። ከፖሉ ኋላ አንድ ጉልበትና ቁልፎች የያዘ አንድ እጅ ብቻ ብቅ ብሏል። ልጆች ይህን ሰው «ሌባው» ይሉታል።

ሐሙስ የዘመድ ቀን ነው። ሰው ቤተሰቡ ያለበት ቦታ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሰላም ይላል፣ የሳምንቱን ወሬ ያወራል፣ ይሄዳል። ጥበቃው የሚከለክለው መንካት ብቻ ነው። እናቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ አንድም ሐሙስ አልቀረሁም።

ይህ ሁሉ ሰው ወደ አንድ ሥዕል ለምን እንደሚጎርፍ ላስረዳ። ፎቶግራፍ ማስረጃ መሆን ያቆመው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ማንም ሰው ራሱን በፈለገው ቤት በረንዳ ላይ፣ በፈለገው ዓመት፣ ከፈለገው አያት ጋር ማስቀመጥ ሲችል፣ ፍርድ ቤቶች መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ ቪዲዮውን፣ በመጨረሻም የስልክ ድምፅን መቀበል ተዉ። አሁን በከተማችን አንድ ሰው መኖሩ የሚረጋገጠው ሌላ ሰው እጁን ይዞ «አለ» ሲል ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት በራፍ ላይ እንሰለፋለን። ከፊቴ ያለው ሰው ዞሮ እጄን ይይዝና «አለ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ዞሬ ከኋላዬ ያለችውን እይዛለሁ። ማንም እጁን ያልያዘው ሰው ውሃው ይቋረጥበታል። ሌላ አገር የሚኖሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያዝኑልናል። እኔ ግን በየማለዳው ሰው እጄን መያዙን ወድጄዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን በሕይወት መኖሬን የማምነው ያን ጊዜ ነው።

ቤት ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ የከበደ ቃል አለው። የሌላውን ሰው እጅ ይዞ በዳኛ ፊት «እኔ ጋ አለ» ካለ፣ ያ ሰው የቤቱ ባለቤት ይሆናል፤ ቤቱም ውሃውም እኩል ይከፈላል። ቃሉ አይመለስም። ስለዚህ ሰው ይህን ቃል ከአፉ ለማውጣት አይቸኩልም።

ስሜ ሰብስቤ ነው፤ ሥራዬ አጫዋችነት። ባጃጅ ራሷን መንዳት ስትጀምር ድሬ ላይ ባዶ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ጠፋ። በዚያ ሙቀት ላይ ዝምታ ተጨምሮበት ማን ይችላል? የባጃጅ ማኅበሩ ቸግሮት የድሮዎቹን ሾፌሮች መልሶ ከፊት አስቀመጠን። መሪ የለኝም፣ ፍሬን የለኝም፤ ወሬ ብቻ። ተሳፋሪ ሲያዝን አብሬ አዝናለሁ፣ ሲቆጣ እስማማለሁ፣ ሲወርድ ሰላም ዋል እለዋለሁ። ደስ የሚል እንጀራ ነው።

የምንኖረው ከከተማው ውጭ፣ ሜዳው ላይ ነበር። ደቻቱ ክረምት ከክረምት እየሞላ የዳሩን ሰፈር ከጠራረገው በኋላ የተረፍነውን እዚያ አሰፈሩን። ሜዳው ዛፍ የለውም። ከብረት ምሰሶ ላይ የተወጠረ ትልቅ ሸራ አለ፤ ከሥሩ የምንቀመጠው ደወል እየተደወለ በተራ ነው። ጠዋት ገና ሳይሞቅ የደረሰው ሰው ተራውን በከንቱ ያቃጥላል፤ ቀትር ላይ የደረሰው ዕድለኛ ይባላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አግዳሚ ላይ እንደልቧ ስትቀመጥ ኖራ፣ በስተርጅና ጥላ በደወል ሆነባት። አንድም ቀን ሳታማርር ሞተች። ስለ ድሬዳዋ በጠየቅኳት ቁጥር የምትመልስልኝ ያንኑ አንድ መልስ ነበር። ከአይሻ ወዲያ የውሃ ጉድጓዱ ሲደርቅ፣ አባቴን ቀብራ፣ እኔን በሆዷ ይዛ በእግሯ ነው የመጣችው።

«ሰዎቹ እንዴት ተቀበሉሽ?» እላታለሁ።

«ምን መቀበል አለው?» ትለኛለች። «ስመጣ ቦታ ነበር።»

ባለፈው ዓመት የወንዙ ግድብ አለቀና የዳሩ ሰፈር እንደገና ሊሠራ ተወሰነ። ማን ይመለስ የሚለውን እንዲለይ የመመለሻ ጉባኤ የሚባል ተቋቋመ። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ የወንዝ ዳር ልጅ ሆነ። ፎቶ እንደ አሸዋ ፈሰሰ፤ ጉባኤው ሳያየው ሁሉንም መለሰ። የቀረው የማይጠረጠር ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው በእጁ፣ በቀለም፣ በሰው ፊት የሠራው የበድሩ ሥዕል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ሆነ፦ ሥዕሉ ላይ ፊቱ የሚታይ ሰው ቤተሰብ እዚያው ፊቱ በታየበት አካባቢ ቦታ ይሰጠዋል።

እናቴ ከግራ አራተኛዋ ናት። ቦታው የእኛ ሆነ። ባለቤቴ ረድኤት በዚያው ሳምንት የሎሚ ችግኝ ይዛ መጣች፤ የት እንደሚተከል፣ ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ በጣቷ መሬት ላይ ነድፋ አሳየችኝ። ችግኙን በቆርቆሮ አስቀምጠን ውሃችንን እያካፈልን አሳደግነው።

ከዚያ ጉባኤው ጠራኝ። ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት እያንዳንዱ ፊት በብርሃን ሲመረመር፣ የእናቴ ቀለም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የተደረበ ሆኖ ተገኘ። ተደራቢ ከሆነች አትቆጠርም። እሷ ካልተቆጠረች እኛ ሜዳው ላይ እንቀራለን።

ጉባኤው የተሰየመው ሥዕሉ ፊት ለፊት፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዳኛዋ ምንትዋብ ትባላለች፤ ከደጋ ተመድባ የመጣች፣ ሁሉንም «እርስዎ» የምትል ጨዋ ሴት ናት። እኛ ደግሞ ድሬ ነን፤ ንጉሥ ቢመጣም «አንተ» ነው የምንለው። በመጀመሪያው ወር ቅር ብሏት እንደነበር ሰምቻለሁ፣ በኋላ ግን ለመደችን።

የጉባኤው ቀለም መርማሪ መብራቱን አግዳሚው ላይ አሳርፎ ከሥር ያለውን ቀለም ከጎኑ በቆመ የምስል ሰሌዳ ላይ አሳየን። አረንጓዴው ሻሽ ጠፋ። እናቴ በነበረችበት ቦታ ሌላ ሰው ትከሻ ታየ።  

«አቶ ሰብስቤ፣ የሚሉት አለ?» አለችኝ ዳኛዋ።

«እናቴ ውሸታም አልነበረችም» አልኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ኢፍቱ ትባላለች፤ ሜዳው ላይ ከእኛ ራቅ ብላ፣ ማለዳ ተራ ከሚደርሳቸው ጋር ሦስት ልጆች ይዛ ትኖራለች። በመልክ አውቃታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «የጉልበቱ ልጅ» ይላታል፤ ምክንያቱም ከፖሉ ኋላ ያለው ጉልበት የአያቷ፣ የቁልፍ ሠሪው የሙሜ ነው ብላ ደጋግማ አመልክታ፣ ጉልበት ፊት አይደለም ተብላ ተመልሳለች። ያን ቀንም የመጣችው ለራሷ ጉዳይ ነበር።

«አቦ፣ ሴትዮዋን ብቻ ለምን ታያላችሁ?» አለች። «ሌሎቹንም እዩአቸው እንጂ።»

«ሌሎቹ በክርክሩ የሉም» አለች ዳኛዋ።

«አያቴ ሲያወራው ማንም አያምነውም ነበር። እኔም አላመንኩትም፣ ወላሂ። አሁን ይህን ትከሻ ሳይ ነው...» በእጇ ወደ አግዳሚው አመለከተች። «እዩአቸው። ፋጡማን እዩአት መጀመሪያ።»

ዳኛዋ ለመርማሪው ምልክት ሰጠችው። መብራቱ ወደ ግራ ሄደ። ፋጡማ ሳንቡሳ ሻጯ ከሥር ሌላ ፋጡማ ነበረች፤ አግዳሚው ላይ በሙሉ መቀመጫዋ የተደላደለች። መርማሪው «ይህችም ሁለቴ ተሥላለች» አለ። ቀጥሎ ያለውን አየ። እሱም ሁለቴ ተሥሏል። ቀጥሎ ያለውም። እናቴን አልፎ ወደ ቀኝ ሄደ፤ አምስተኛዋም፣ ስድስተኛውም፣ ሰባተኛውም። ከሥር ያሉት ዘና ብለው፣ ክንድና ክንዳቸው ሳይነካካ ተቀምጠዋል። ከላይ ያሉት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። ከእናቴ በስተግራ ያሉት ወደ ግራ፣ በስተቀኝ ያሉት ወደ ቀኝ ተንቀሳቅሰዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ዳኛዋ።

«ጠጋ ብለውላት ነዋ» አለች ኢፍቱ። «ሥዕሉ አልቆ ነበር። ሴትዮዋ መጣች። እነሱ ጋ ቤት ያዘች፣ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመረች። ፋጡማ በድሩን "እሷስ የታለች?" አለችው። "አልቋል፤ ከፈለጋችሁ ዳር ላይ ቆማ ላድርጋት" አለ። "እርጉዝ ሴት ቆማ?" ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ሁሉም እንደገና ተራ በተራ እየሄዱ ተቀመጡለት። በዚያ ሙቀት። አያቴ ዳር ነበር፤ ጠጋ ሲሉ ጠጋ ሲሉ ፖሉ ጋ ደረሰ። በድሩ "ፊትህ ሊሸፈን ነው፣ ፖሉን ላንሳው" ቢለው "ፖሉ መብራት ይሰጣል፣ እኔ ምን እሰጣለሁ?" አለው። እያወራ ይስቅ ነበር።»

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች። «እናትዎ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አታውቅም» አልኩ። «ስመጣ ቦታ ነበር ነው የምትለው። እስክትሞት ድረስ።»

«ለምን አልነገሯቸውም?» አለች ዳኛዋ፣ ለኢፍቱ።

ኢፍቱ ጥያቄው ገረማት። «ለቀቅንልሽ ብለው ከነገሯት ትነሳለቻ።»

ዳኛዋ ወረቀቷን አገላበጠች። ከዚያ ሕጉን ነገረችን። ከሥር የተሸፈነ ሰው ቤተሰብ የላይኛው ቀለም እንዲነሳ መጠየቅ ይችላል። ከተነሳ አግዳሚው እንደ መጀመሪያው ይሆናል፤ ሙሜ ፊቱ ይታያል፣ ቦታው የኢፍቱ ይሆናል፣ እናቴ ትጠፋለች። ካልጠየቀች ደግሞ የላይኛው ቀለም ተቀማጮቹ ራሳቸው ወደውት የተደረገ ስለሆነ ይጸናል፤ የኢፍቱ ማመልከቻም ዛሬውኑ ይዘጋል።

«አያቷን አሳያት» አልኩት መርማሪውን።

መርማሪው መብራቱን ፖሉ ጋ አደረሰ። አንድ ወጣት ሰው ታየ፤ ጥርሱ ፍንጭት፣ ቁልፎቹን በጣቱ አንጠልጥሎ፣ ሰዓሊውን በቀልድ የሚያይ። ኢፍቱ ወደ ሰሌዳው ቀርባ ቆመች። አያቷን የምታውቀው በሽምግልናው ነው፤ ወጣት ሆኖ የሚያሳይ የሚታመን ምስል በቤታቸው አልነበረም።

«ጥርሱ የትልቁ ልጄ ነው» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ እናቴ ነው። ሐሙስ መጥቼ ባዶ ቦታ ማየቴን አሰብኩ። ስለ ረድኤትና ስለ ሎሚዋም አሰብኩ። ነገር ግን እናቴ እዚያ ብትሆንና ብትሰማ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ኢፍቱ እንዳለችው ነው፤ ትነሳ ነበር።

«ይነሳ ቀለሙ» አልኩ። «ቦታው የሙሜ ነው።»

«ማን ጠየቀህ?» አለች ኢፍቱ ሳትዞር።

«እኔ ነኛ የምልሽ። ልጆችሽ ማለዳ ተራ ላይ ናቸው። ውሰጂው።»

«ዝም በል አቦ። የራሴን ጉዳይ ልጨርስ።»

ዳኛዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። «እኔ እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ» አለች፣ «ሰው ለተቃራኒው ወገን ሲሟገት አላየሁም። እባካችሁ በየተራ።»

ኢፍቱ ሰሌዳውን ትታ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ከተጠጋጉት ስምንት ሰዎች ፊት ቆመች፤ ከሰባት ፊትና ከአንድ ጉልበት። ልጆቿ በማለዳው ከንቱ ጥላ እንደሚቀጥሉ እያወቀች ነው የቆመችው። ማንም ምንም ቃል አልገባላትም ነበር።

«ይህ ሁሉ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል» አለች በመጨረሻ። «አያቴ ራሱ ያልጠየቀውን እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ተዉዋቸው። እንደተቀመጡ ይቀመጡ።»

ዳኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ውሳኔውን አነበበች። የላይኛው ቀለም ጸና። ቦታው ለአስካለ ልጅ ለሰብስቤ ተሰጠ። የኢፍቱ ማመልከቻ ተዘጋ። ኢፍቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

ቸኩዬ አላውቅም፤ ሙያዬ ተሳፋሪው እስኪወርድ ቁጭ ማለት ነው። ያን ዕለት ግን ወንበር ገፍቼ ሮጥኩ። በሩ ጋ ደርሼ እጇን ያዝኩ። ከፀሐይ የሻከረ፣ ጠንካራ እጅ ነው። ወደ ዳኛዋ ዞርኩ።

«እኔ ጋ አለች» አልኩ።

ኢፍቱ እጇን ልትነጥቀኝ ሞከረች። «ተው፣ ምን አድርጌልህ ነው?»

«እኔ ጋ አለች» አልኩ ደግሜ።

«አቶ ሰብስቤ» አለች ዳኛዋ፣ «ቦታውን ገና ዛሬ ነው ያገኙት። እኩል ይከፈላል። ቃሉ አይመለስም፤ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።» አልቅሼ ነበር፤ አላፈርኩም። «እናቴ ስመጣ ቦታ ነበር ትለኝ ነበር፣ አልነበረም። ይህችም ቦታ አለ ትባል።»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከወንበሯ ተነስታ መጣችና የሁለታችንንም እጅ አንድ ላይ ያዘች። ሕጉ ዳኛ መነሳት አለበት አይልም። «አላችሁ» አለች። ከዚያ እንደኛ ሆና «ሂድ በል አንተ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለችኝ።

ለረድኤት እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስል ቤት ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ችግኝ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የሎሚው ቦታ ለእሷ ሄደ ማለት ነው?»

«የእሷ ማድ ቤት ግድግዳ እዚያ ላይ ይመጣል።»

«እንግዲያው ደጅ ይተከላል» አለች። «ደጅ ከሆነ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከሥሩ ሊቀመጥ ነው። ወንበር አሠራ።»

አሠራሁ። ቤቶቹ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ ጠባብ ናቸው፣ የኢፍቱ ልጆች ሲጣሉ ቃል በቃል ይሰማኛል። ሎሚው ገና ጉልበት ድረስ ስለሆነ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። ቢሆንም አመሻሽ ላይ እንወጣለን። ትልቁ ልጅ፣ ፍንጭቱ፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠጋው እሱ ነው፤ ማንም አላስተማረውም።

ከውሳኔው በኋላ በመጣው ሐሙስ ለገሃር ሄድኩ። አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። እናቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሁለት ትከሻ መሃል ተመችቷት ተቀምጣለች። ሁሉንም ልነግራት መጥቼ ነበር። ከፊቷ ስቆም ግን እነሱ ዕድሜዋን ሙሉ የደበቋትን እኔ ምን ብዬ አወጣዋለሁ ብዬ ተውኩት። ስለ ሎሚው ብቻ አወራኋት።

«ደህና ዋይ እማ» አልኳት።

ከዚያ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ወደ ቀኝ፣ እስከ ፖሉ ድረስ ሄድኩና ጉልበቱ ፊት ቆምኩ።

«ሙሜ» አልኩት፣ «አንተም ደህና ዋል።»